ባለቤቴ ያልዋጠው ኪኒን

ለተከበሩ የሕይወት ኢንሹራንስ ድርጅት የካሳ ጥያቄዎች መርማሪ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎ፤ ከልቤ ነው። እንቅልፍዎ የጣፈጠ፣ የደም ግፊትዎ የተስተካከለ፣ ራስዎን እንኳ ቢያምዎ ያለ ሐኪም ማዘዣ በራሱ ጊዜ የሚለቅዎ እንዲሆን እመኛለሁ፤ ምክንያቱም አንድ መድኃኒት በሰው ስም ተጽፎ ሲገኝ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት የበለጠ ያስተማረኝ የለም። ቤተሰብዎም ደህና ይሁኑ። ባለቤትዎ ካሉ፣ እሳቸውም ካርድ ላይ ስማቸው ሳይሰፍር ዕድሜ ይስጣቸው።

እኔ በሳሙና ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ የነበረው፣ የሥራ ባልደረቦቹ «ፊውዝ» እያሉ የሚጠሩት ሰው ሚስት ነኝ። ፊውዝ ያሉት ቶሎ ስለሚቆጣና ቶሎ ስለሚበርድ ነበር። ከሞተ ዛሬ አሥራ አንድ ሳምንቱ ነው። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ዝግ ደብዳቤ ጽፌልዎት ነበር፤ በመጀመሪያው ላይ «ደርሷል» የሚል ማኅተም ተመታበት፣ በሁለተኛውም ላይ «ደርሷል» ተባለ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። መድረሱን አምኛለሁ፤ የቀረው መነበቡ ስለሆነ፣ አሁን ሌላውም ሰው አብሮ ሲያነብ ምናልባት እርስዎም ዓይንዎን ጣል ያደርጉበት እንደሆነ ብዬ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ። አቤቱታዬን እንደ መሥሪያ ቤትዎ ደንብ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ኀዘን መግለጫዎ አመሰግናለሁ። በላኩልኝ ደብዳቤ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ «በባለቤትዎ ኅልፈት የተሰማንን ጥልቅ ኀዘን እየገለጽን፣ ሟች የጤና ሁኔታቸውን ደብቀው የተዋዋሉ በመሆኑ ውሉ ከመነሻው እንዳልነበረ የተቆጠረ መሆኑን እናስታውቃለን» ብለዋል። ማጽናናትና መስደብን በአንድ እስትንፋስ የሚጨርስ ጸሐፊ ስላለዎት እንኳን ደስ አለዎት። እኔ ብሆን ቢያንስ ነጥብ አስቀምጬ አዲስ መስመር እጀምር ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በየወሩ ከደመወዙ ሲቆረጥ የነበረው ያ ውል፣ ሲቆረጥ ነበረ፣ ሲጠየቅ አልነበረም። ይህን ለማስተዋል የሚበቃ ትምህርት ስለሌለኝ ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ሁለተኛ፤ መሰላሉን በነጻ ስላሰናበቱት ደስ ብሎኛል። ያ መሰላል ከእንጨት የተሠራ፣ ሦስተኛው እርከኑ በሽቦ የታሰረ ነበር። ሽቦውን ያሰረው ራሱ ባለቤቴ ነው፤ አዲስ እንዲገዛ ሦስት ጊዜ አመልክቶ ዝም ሲሉት በእጁ አሰረው። የዚያን ቀን በማሸጊያው ክፍል ጣሪያ ላይ የተቃጠለ አምፑል ሊቀይር ወጣ፤ ሽቦው ተበጠሰ፤ በጭንቅላቱ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ሁለት የማሸጊያ ሠራተኞች በዓይናቸው አይተዋል፣ ቃላቸውንም ፈርመው ሰጥተዋል። የእርስዎ መርማሪ ግን ወደ መሰላሉ አልሄደም፤ ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ሄዶ ካርዱን አገላበጠ፤ በካርዱ ላይ ለስድስት ዓመት በየወሩ የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንደወሰደ ተጽፎ አገኘ፤ በቃ። ሰውዬው በሽታው ተነስቶበት ወደቀ እንጂ መሰላሉ አልጣለውም ተባለ። የሁለቱ ሠራተኞች ቃል ውሃ በላው። በደሙ ውስጥ መድኃኒቱ አለ ወይስ የለም ብሎ ለመጠየቅ ያኔ አንድ ብልቃጥ ደም ይበቃ ነበር፤ ማንም አልጠየቀም፤ አሁን ከአፈር በታች ነው።

ሦስተኛ፤ ይህ ረዘም ያለ ነውና ውኃ ቢጤ ያስመጡ።

ያ መድኃኒት የእኔ ነው። የሚጥል በሽታ ያለብኝ እኔ ነኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ባለቤቴ እስኪሞት ድረስ ከእሱና ከአንድ ሐኪም በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ይኸው በአደባባይ ጻፍኩት። የተማሪ ዩኒፎርም የምንሰፋበት ቤት ባለቤት ይህን ያነበቡ ዕለት መቀስ እንደማያስይዙኝ፣ ከማሽኑም እንደሚያስነሱኝ አውቀዋለሁ። አይፈረድባቸውም። የጎረቤት ሴቶችም ከእንግዲህ ልጃቸውን ያዢልኝ አይሉኝም። ይህን ሁሉ ቆጥሬና ደምሬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የመጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊጥለኝ ሲል መጀመሪያ የግራ እጄ አውራ ጣት ብቻውን ይዘላል፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላውቀውም፤ የሚያውቀው ባለቤቴ ነበር። በጎኔ ያዞረኛል፣ የሥራ ጃኬቱን አጥፎ ከጭንቅላቴ በታች ያደርጋል፣ መቀሱንና ወንበሩን ያርቃል፣ ሰዓቱን ያያል። ስነቃ ስንት ደቂቃ ቆየሁ ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ ሁልጊዜ «ሁለት» ይለኛል። አምስትም ይሁን ስምንት፣ ለእሱ ሁለት ነበር። በሕይወቱ የዋሸኝ ውሸት ይኸው ነው፤ እባክዎ በፋይሉ ላይ ይጨምሩለት።

መድኃኒቱ ከውጭ ሲገዛ አቅማችንን አልፎ ሄደ። የፋብሪካው ክሊኒክ ያንኑ መድኃኒት በነጻ ይሰጣል፣ ግን ለሠራተኛ ብቻ ነው፤ ለሠራተኛ ሚስት የሚባል ነገር በደንቡ የለም። ባለቤቴ የእኔን ማዘዣ ይዞ ወደ ክሊኒኩ ጤና ረዳት ሄደ። ጤና ረዳቱ ማዘዣውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ወደ ኪሱ መለሰለትና፣ መድኃኒቱን በባለቤቴ ካርድ ላይ ጻፈለት። ይህ ሰው በጡረታ ወጥቷል፤ ማን እንደሆነ እንዳይጠይቁኝ፤ ብጠየቅም ምላሴን እውጣለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ስልሳ ፍሬ በሱ ስም ወጣ፣ በኔ ጉሮሮ ወረደ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ወደቅሁ፤ እሱም ክሊኒኩ ለሁለት ሳምንት መድኃኒት ያለቀበት ጊዜ ነው። ጥፋት ነው ካሉኝ፣ አዎ ጥፋት ነው። የፋብሪካውን ኪኒን በልቻለሁ። ከፈለጉ ያሳስሩኝ፤ ግን ጥፋቱን በልኩና በባለቤቱ ስም ይያዙልኝ።

የእርስዎ የሽያጭ ሠራተኛ በምሳ ሰዓት ወደ ፋብሪካው መጥቶ ቅጹን ሲያስሞላ፣ በሐኪም ታዝዞ የሚውጡት መድኃኒት አለ ወይ የሚል ጥያቄ ነበረበት። ባለቤቴ የለም አለ። ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ነው። ያ ሰው ኪኒን ሲያይ ፊቱ የሚጠቁር፣ ጥርሱን ሲያመው ጉንጩን የብረት በር ላይ አስደግፎ የሚያድር ሰው ነበር። ለራስ ምታት እንኳ ስሰጠው ምላሱ ሥር ደብቆ ከጓሮ ይተፋዋል። የካርዱ ነገር ትዝ አላለውም፤ ካርዱ በእሱ ሐሳብ የኔ ነበራ። ሰው የሚስቱን ቀሚስ ከገበያ ተሸክሞ ስለመጣ እኔ ቀሚስ እለብሳለሁ ብሎ ቅጽ ይሞላል እንዴ?

ለምን እንደተዋዋለም ልንገርዎ። እኔ ተቃውሜ ነበር። ከሞት ጋር ውል አይፈረም፣ ይልቅ ጣሪያችንን እናድስ እያልኩ ነዘነዝኩት። ያን ቀን አልተቆጣም። ወረቀቱን አጣጥፎ የልብስ ቁልፍ የማኖርበት ቆርቆሮዬ ሥር አስቀመጠና፣ «እኔ ከሌለሁ ኪኒንሽን ማን ያመጣልሻል?» አለኝ። ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ውሉን የገዛው ለዚያ ኪኒን ነበር፤ እርስዎም ውሉን የሻሩት በዚያው ኪኒን ነው። እኔ ይህን ሳስብ የምስቅበትም የማለቅስበትም ጉልበት አጣለሁ።

አራተኛ፤ ለአማቴ ስላደረጉት ነገር።

አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ደብዳቤዎ የመጣ ዕለት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ጎረቤት ጠርተው አስነበቡት። ማታ ስገባ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ጫማቸውን እንዳደረጉ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልጃቸው ስድስት ዓመት ሙሉ የሚጥል በሽታ ይዞት ኖሮ እናቱ አለማወቃቸው፣ ክቡር ሆይ፣ እንዲህ በአንድ ገጽ ወረቀት ተነገራቸው። በሰባት ዓመቱ ከጎረቤት ግንብ ላይ ወድቆ ግንባሩ ተፈንክቶ ነበር፤ «ያኔ ሐኪም ቤት ሳልወስደው ቀርቼ ነው፣ እኔ ነኝ የገደልኩት» ማለት ጀመሩ። ምግብ እምቢ አሉ። እኔም ምስጢሬን ታቅፌ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ከእርስዎ በላይ ራሴን የታዘብኩት በእነዚያ ሦስት ቀናት ነው፤ አንዲት እናት በሌለ በሽታ ራሳቸውን ሲረግሙ እያየሁ፣ የማሽን መቀመጫዬ እንዳይወሰድብኝ ስል አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

በአራተኛው ቀን እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። በሽታውን፣ ካርዱን፣ ጃኬቱን፣ ሁለት ደቂቃውን። የደበቅናቸውን ሁሉ። እንደሚያባርሩኝ ነበር የጠበቅኩት፤ ልጄ በአንቺ ዳፋ ስሙ ጠፋ፣ ካሳውም በአንቺ ዳፋ ቀረ ቢሉኝ ምን መልስ ነበረኝ? እሳቸው ግን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ «ታዲያ አሁን ኪኒኑ ስንት ቀረሽ ልጄ?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ መሥሪያ ቤት አርባ አንድ ጥያቄ ያለበት ቅጽ አስሞልቶኛል። የአባቴን አባት ሞት ምክንያት ጠይቆኛል። ባለቤቴ ሲጋራ ያጨስ እንደነበር፣ ተራራ ይወጣ እንደነበር፣ በትንሽ አውሮፕላን ይሳፈር እንደነበር ጠይቆኛል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አንዲት አሮጊት፣ ልጃቸውን በቀበሩ በሦስተኛው ወር፣ ያለ ቅጽ የጠየቁኝን ያን አንድ ጥያቄ ግን እስካሁን አልጠየቀኝም። ስለዚህ ሳይጠየቅ ልመልስ፦ አሥራ ሦስት ፍሬ ቀርቶኛል። የባለቤቴ ካርድ የተዘጋው በቀብሩ ማግስት ነው። በእጄ የነበረውን ስልሳ ፍሬና ለክፉ ቀን ብዬ ከቁልፎቹ ጋር በቆርቆሮ ያስቀመጥኩትን ሠላሳ፣ በቀን ሁለት የሚዋጠውን በቀን አንድ አድርጌ፣ አንዱንም ለሁለት ሰብሬ ግማሹን ጠዋት ግማሹን ማታ እየዋጥኩ እዚህ አድርሼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ አውራ ጣቴ ዘሏል። ጎማው ገና አልሸተተኝም።

አምስተኛ፤ ስለ መስተንግዶዎ።

ቢሮዎ ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ደጅ መጥናትም የራሱ ትምህርት አለው፤ ከመግቢያው በስተቀኝ ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ አጭር መሆኑን፣ አራተኛው መስኮት ላይ የተንጠለጠለው የእስክሪብቶ ማሰሪያ ገመድ እስክሪብቶ የሌለበት መሆኑን ሁሉ አውቄያለሁ። በአራተኛው መስኮት ያለው ወጣት ሠራተኛ መልካም ልጅ ነው፤ ሁሉንም ነገር ሰምቶኛል፣ እውነቴን ነው። ሰምቶ ሲያበቃ መድኃኒቱን የሚውጡት እርስዎ ለመሆንዎ የጽሑፍ ማስረጃ ያምጡ አለኝ። በሽታው እንዳለብኝ መጀመሪያ የነገሩኝ ሐኪም ከአገር ወጥተዋል፤ ያቺ ማዘዣም በባለቤቴ ኪስ ውስጥ ስትታጠፍና ስትዘረጋ ተበጣጥሳ ካለቀች ቆይታለች። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄጄ ለነርቭ ሐኪም ስመዘገብ ቀጠሮው ከአራት ወር በኋላ ሆነ። ያለ ሐኪሙ ማዘዣ ደግሞ መድኃኒት ቤቱ አይሸጥልኝም፤ አንድ ጊዜ አዝነው ጥቂት ፍሬ ሊሰጡኝ ነበር፣ ተቆጣጣሪ ስለመጣባቸው መልሰው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። የእርስዎ የይግባኝ ጊዜ ደግሞ ሠላሳ ቀን ነው። አራት ወር በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ልጁን ብጠይቀው በጣቱ ቆጥሮ «አይገባም» አለኝ።

ስድስት ዓመት አንዴ ብቻ ወድቄ መቆሜ ማስረጃ አይሆንም ወይ አልኩት። ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ቆሞ መታየት ማስረጃ አይሆንም፤ ጤነኛም ሰው ይቆማል» አለኝ። ልክ ነው። ቤቴ ገብቼ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ልክ ሆኖ አገኘሁት። ለእርስዎ የሚሆነው ማስረጃ መቆሜ ሳይሆን መውደቄ ነው።

በመሆኑም ክቡርነትዎ፣ ከሥራዎ ብዛት አንዲት ደቂቃ ቢያገኙ፣ የባለቤቴን ፋይል ዳግም አስከፍተው፣ ውሸታም የሚለውን ቃል ከስሙ ላይ እንዲያነሱልኝ፣ መሰላሉንም ለምርመራ እንዲጠሩልኝ በታላቅ ትሕትና እለምንዎታለሁ። ካሳው ከተፈቀደ የመጀመሪያ ሥራዬ የግል ነርቭ ሐኪም ጋር መሄድ ነው፤ ከዚያ የፋብሪካውን ኪኒን ስድስት ዓመት የበላሁትን ከቻልኩ እመልሳለሁ፤ አልሞትም ብዬ ነው መቼም። ካልተፈቀደ ደግሞ ስለ አራት ዓመት አስተማማኝ አገልግሎትዎ፣ ስለ ሦስቱ ማኅተሞች፣ ስለ አግዳሚው ወንበርና ስለ ጥልቅ ኀዘንዎ ያለኝን ምስጋና ደግሜ ደጋግሜ አቀርባለሁ።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት እንደ ውልዎ ከመነሻው እንዳልነበረ የማይቆጠር መሆኑን እያረጋገጥኩ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ጠንካራ መሰላልና ባዶ የሕክምና ካርድ የምመኝልዎ፣ እርስዎን በትዕግሥት የምጠብቅ፣

የፊውዝ ሚስት፣ የዩኒፎርም ሰፊ (ይህ ደብዳቤ እስከታተመበት ቀን ድረስ)፣ የመድኃኒቱ ትክክለኛ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ይህን የምጽፈው ረቡዕ ነው። አሥራ ሦስቱ ፍሬ የሚያልቁት ከሚመጣው በኋላ ባለው ሰኞ ስለሆነ፣ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዎ ሲከፈት አራተኛው መስኮት ፊት ለፊት ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ፤ ወንበሩ ላይ የማልቀመጠው አጭር እግር ስላለው ነው። መውደቄ በዚያው ቀን ላይሆን ይችላል፤ እስኪሆን ድረስ በየቀኑ እመጣለሁ። አማቴ ሐሳቤን አልወደዱትም፣ አልቅሰውም ለምነውኛል፤ እምቢ ስላቸው ግን ብቻሽን አትሄጂም ብለው የልጃቸውን ጃኬት አጥፈው ይዘው አብረውኝ ይመጣሉ። እሳቸው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ማጎንበስ አይችሉምና፣ የቀረውን ለእርስዎና ለጥበቃዎ ልንገር፦ በጎኔ አዙሩኝ። አፌ ውስጥ ማንኪያም ሆነ እስክሪብቶ አትክተቱ። እጄን ጭምድድ አድርጋችሁ አትያዙኝ። ሰዓት እዩ። ስነቃ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ እጠይቅዎታለሁ፤ ባለቤቴ ያደርገው እንደነበረው ሁለት ብለው እንዳያሳንሱብኝ፤ ትክክለኛውን በጽሑፍ ይስጡኝ፣ ማኅተምም ይምቱበት።